ባንዳና ባንዲራ

ባለፈው ሰሞን ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከጎኔ የነበሩ ሁለት ወጣቶች በእግር ኳስ ምክንያት ተካረሩ። ነገሩ የጀመረው አንደኛው ለዓመታት ሲደግፈው የኖረውን የእንግሊዝ ክለብ ትቶ ዋንጫ ወደሚቀናው ክለብ በመዞሩ ነው። ጓደኛው ብዙ አልተናገረም። የማኪያቶውን ብርጭቆ አስቀመጠና «አንተ እኮ ባንዳ ነህ!» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ሒሳቡን የከፈለውም «ባንዳው» ነበር።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። ምክንያቴን በኋላ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ ቃሉ ራሱ ጥቂት ላውጋችሁ።

ቃሉ ዛሬ የማይገባበት ቤት የለም። በመሥሪያ ቤት የባልደረቦቹን ወሬ ለአለቃው የሚያደርስ ባንዳ ነው። ሠራተኛ ሁሉ ተማምሎ ከቀረበት ስብሰባ ብቻውን የተገኘ ባንዳ ነው። አባትና እናት ሲከራከሩ ለእናቱ ያደላ ሕፃን «የእናቱ ባንዳ» ሲባል ሰምቻለሁ፤ የተባለውም ግንባሩ እየተሳመ ነበር። አብረው ሊጾሙ ከተስማሙ ጓደኛሞች መካከል ረቡዕ ቀን ክትፎ ቤት የተያዘውም ከዚህ ስም አያመልጥም። ቃሉ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ግን ሳቁ ያበቃል። እዚያ «ባንዳ» ማለት ክርክር መዝጊያ ነው። ከባንዳ ጋር አይከራከሩም፤ ባንዳን ያጠፉታል እንጂ።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምሻው፣ ይህ ሁሉ የስድብ ሸክም የተጫነበት ቃል በመነሻው ስድብ አለመሆኑን ነው። «ባንዳ» የጣሊያንኛ ቃል ነው። ትርጉሙም ጓድ፣ ጭፍራ፣ በአንድነት የተሰለፈ ቡድን ማለት ነው። ጣሊያኖች በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ይዘው ወደ ደጋው መውጣት ሲጀምሩ፣ ከአገሬው ሰው ሁለት ዓይነት ጦር አደራጁ። አንደኛው አስካሪ የተባለው ነው፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ወታደር ማለት ነው። አስካሪው የደንብ ልብስ ለብሶ፣ በሻለቃ ተደልድሎ፣ በጣሊያን መኮንን የሚመራ መደበኛ ወታደር ነበር። ሁለተኛው ባንዳ ነው። ይህኛው የራሱን ልብስ እንደለበሰ፣ በራሱ አገር ባላባት ሥር ሆኖ፣ ጠመንጃና ደመወዝ ከጣሊያን እየተቀበለ የሚዘምት ጭፍራ ነበር። በሮማ የመዝገብ ወረቀት ላይ «ባንዳ» ከዚህ ያለፈ ነውርም ክብርም አልነበረውም። በጥር 1933 ዓ.ም. በኤርትራ ቆላ፣ ኬሩ አጠገብ፣ በእንግሊዝ ጦር ላይ በፈረስ የጋለበው የአሜዴዎ ጊሌት ክፍል በይፋ ይጠራ የነበረው «የአማራ ፈረሰኛ ባንዳ ጓድ» በሚል ስም ነው።

አማርኛችን ቃሉን ሲወስደው ግን አንድ ነገር አደረገበት። በጣሊያንኛ «ባንዳ» የሚባለው ጭፍራው ነው እንጂ በውስጡ ያለው ሰው አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ባንዳ ሊሆን አይችልም፤ አንድ ሰው ብቻውን ክፍለ ጦር ሊሆን እንደማይችለው ሁሉ። እኛ የቡድኑን ስም ገፈን ለግለሰቡ አለበስነው። ከዚያም አብዝተን «ባንዶች» አልን፤ ባሕርይ አድርገን «ባንዳነት» አልን፤ በመጨረሻም የዘር ሐረግ አድርገን «የባንዳ ልጅ» አልን። ለእኔ የዚህ ቃል ታሪክ ማለት ይህ ጉዞ ነው፦ ከደመወዝ መዝገብ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ባሕርይ፣ ከባሕርይ ወደ ደም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። «ባንዲራ» የምንለውም ጣሊያንኛ ነው። የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ነው፤ ከጥንት የጀርመን ነገዶች ቋንቋ የመጣና «ምልክት» ወይም «ዓርማ» የሚል ፍቺ ያለው ቃል ነው። ምልክቱ ራሱ ባንዲራ ሆነ፤ በምልክቱ ሥር የተሰለፈው ጭፍራ ባንዳ ሆነ። የሙዚቃው «ባንድ» እንኳ የዚሁ ቤተ ዘመድ ነው። እንግዲህ እኛ ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ቃላት ከአንድ ወራሪ እጅ ተቀብለን፣ አንደኛውን ከሁሉ በላይ ሰቀልነው፤ ሁለተኛውን ከሁሉ በታች ጣልነው። ፌርማታ፣ ካምቢዮ፣ ቦሎ፣ ፉርኖ፣ ካልሲ እያልን ከዚያው ቋንቋ የወሰድናቸው ብዙዎቹ ቃላት የመጡበትን ሥራ እንደያዙ ሲኖሩ፣ እነዚህ ሁለቱ ግን የአገር ነፍስ ተጫነባቸው። ባንዲራን «የጠላት ቃል ነው፤ ሰንደቅ ዓላማ በሉ» የሚሉ አዛውንቶች ገጥመውኛል። ባንዳን ስለ ጣሊያንኛነቱ ጠልቶት «ከዳተኛ በሉ» ያለ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ጣሊያን ሳይመጣ በፊት እኛ ለከዳ ሰው ስም አጥተን አልነበረም። ከዳተኛ አለ፤ ከሐዲ አለ፤ ይሁዳ አለ። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን የመክዳትና የመመለስ በር ዛሬ እንደምናስበው የተዘጋ አልነበረም። የአከለ ጉዛዩን ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስን እንውሰድ። በጣሊያን ሥር ገብተው፣ ደመወዝ እየተቀበሉ፣ ለዓመታት አገለገሉ። ጣሊያን የገበሬውን መሬት እየነጠቀ ለሰፋሪዎቹ ማደል ሲጀምር በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ሰገነይቲ ላይ ዐመፁ፤ በዚያው ወር ሐላይ ላይ ተገደሉ። የዓጋሜው ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪም ከጣሊያን ጦር ጋር ተሰልፈው ሳለ፣ ከዓድዋ ጦርነት ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ጭፍሮቻቸውን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ወገን ተሻገሩ። ተሻግረውም ዝም አላሉም፤ የጣሊያንን የስንቅ መንገድ ከኋላው ቆርጠው አስጨነቁት። እነዚህን ሰዎች በየትኛው ስም እንጥራቸው? ከየካቲት አጋማሽ በፊት ባንዳ፣ ከዚያ በኋላ አርበኛ? ወይስ የመጨረሻው ሥራ የመጀመሪያውን ያጥበዋል?

በሩ ለሁሉም ክፍት አልነበረም። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ 800 የሚጠጉ የተማረኩ የኤርትራ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው እንዲቆረጥ ተፈረደ። ነጩ ምርኮኛ ግን ውል ተፈርሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። በየዓመቱ የካቲት 23 ስንዘፍን ይህችን አንቀጽ እንዘልላታለን። እኔም ለብዙ ዓመት ዘልያት ኖሬያለሁ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ስንቱ በክፉ ቀን ከብቱ አልቆ፣ ልጁ በረሃብ ሞቶ፣ እንጀራ ፍለጋ ምጽዋ የወረደ እንደነበር የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ቃሉ እውነተኛውን መርዙን ያገኘው በአምስቱ ዓመት ወረራ ነው። ጦርነቱ በመስከረም 1928 ዓ.ም. በተከፈተ በቀናት ውስጥ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ አግብቶ የነበረው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ከአንድ ሺ በላይ ወታደር ይዞ ለጣሊያን ገባ። የጎጃሙ ራስ ኃይሉም ቆይተው ለጠላት አደሩ። ይህ የትልልቆቹ ታሪክ ነው፤ በመጻሕፍት ተጽፏል። ለገበሬው ግን ባንዳ ማለት ራስ ወይም ደጃዝማች አልነበረም። ጎረቤቱ ነበር። አውሮፕላኑ መርዝ ቢያዘንብም የማን ልጅ እንደ ሸፈተ አያውቅም፤ የትኛው ጎተራ አርበኛ እንደሚቀልብ አያውቅም፤ በየትኛው ጎዳና ሌሊት እንደሚታለፍ አያውቅም። የሚያውቀው የአገሩ ልጅ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዘረት በተባለው ዋሻ ውስጥ የተጠለሉት የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች፣ ከሴቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር፣ በመርዝ ጋዝና በጥይት ሲያልቁ፣ ያ አገር በምን ዓይነት ሰቆቃ ውስጥ ይኖር እንደነበር ማሰብ አያዳግትም። እንዲህ ባለ ዘመን ከጠላት ጎን የቆመን ሰው «ባንዳ» ያለ አፍ የተናገረው ከቁስሉ ነው። ስለዚህ ማንም ይህን ጽሑፍ አንብቦ ለባንዳ ጠበቃ ቆመ እንዳይለኝ። ቤት ያቃጠለ ቤት አቃጥሏል።

ነገር ግን ያ ትውልድ፣ ቁስሉ ትኩስ የነበረው ትውልድ፣ እኛ የጣልነው ሌላ ቃል ነበረው፦ የውስጥ አርበኛ። የውስጥ አርበኛ ማለት በጠላት ከተማ ተቀምጦ፣ ከጠላት ጋር ሻይ እየጠጣ፣ አንዳንዴም የጠላትን ደመወዝ እየበላ፣ ለበረኸኛው ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ የሚያሻግር ሰው ነው። ከእነርሱ ዝነኛዋ ሸዋረገድ ገድሌ ናት፤ በመጨረሻ ተይዛ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ታስራለች። ለመሆኑ ከአዲስ አበባ ወደ ጫካ ይወጣ የነበረው ጥይት ከየት ይመጣ ነበር? ከጣሊያን ግምጃ ቤት አይደለምን? ከግምጃ ቤቱስ ማን ያወጣው ነበር?

ከዚህም የሚልቅ ምሳሌ አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ናቸው። አብርሃ በዚያን ጊዜ የጣሊያን መንግሥት ተቀጣሪ ነበር፤ በአስተዳደሩ ውስጥ ይሠራ ነበር። የካቲት 11 ቀን ማታ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሰፈሩ ሰው በመስኮት እያየ ምን ይለው እንደነበር አስቡት። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ያ ሰው የተሳሳተ ሆነ። አብርሃ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢሞት ኖሮ ግን ዛሬ የልጅ ልጆቻችን በምን ስም ይጠሩት ነበር?

ነጻነት በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አገሩ በሦስት ተከፍሎ ተያየ፦ አርበኛ፣ ስደተኛ፣ ባንዳ። አርበኛው ሜዳይ ተሰጠው፤ የተዋጋበትም ዓመት በዘንባባ ተቆጠረለት። ስደተኛውም የራሱን ሜዳይ አገኘ። ባንዳው ሜዳይ ባያገኝም፣ ጽሕፈትና አስተዳደር የለመደው ግን ሹመት አላጣም። ስለዚህ የተነገረችውን የሁለት ስንኝ ምሬት ሁላችን እናውቃታለን፤ አልደግማትም። በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በገዛ ንጉሡ ፍርድ በአዲስ አበባ ሲሰቀል ያ ምሬት ሥር ያዘ፤ እስከ ዛሬም አልተነቀለም። ሹመቱን ያየ ሰው፣ በአደባባይ ፍርድ ያላገኘበትን ባንዳ በቃል ሊቀጣው ቢነሳ አይፈረድበትም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ አብዛኞቻችሁ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁና። በአብዮቱ ዘመን ኢሕአፓ ከደርግ ጋር መሥራትን የመረጠውን መኢሶንን «ባንዳ» አለው። ጣሊያን በአካባቢው አልነበረም፤ ሁለቱም ማርክስን የሚጠቅሱ የአንድ ትውልድ፣ አንዳንዴም የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ። ቃሉ በዚያን ጊዜ ከአገርና ከባዕድ ነገር ተላቀቀ፤ «ከኔ ወገን ያልሆነ» ማለት ሆነ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ደግሞ በሁለቱም ወገን ባሩድ ሆነ። አንዱ በአማርኛ ሕወሓትን ባንዳ ሲል፣ ሌላው በትግርኛ ከፌዴራል መንግሥት ጋር የሠራውን የትግራይ ተወላጅ ባንዳ ይል ነበር። አሁን ደግሞ በአማራ ክልል ወንድም ወንድሙን በዚሁ ስም እየጠራ ይገድለዋል። ስሙን ያስተማረን ጣሊያን ከሄደ ሰማንያ ዓመት አልፎታል።

ስለ 1997 ዓ.ም. ግን ዘልዬ ማለፍ አልችልም፤ የኔ እጅ ያለበት እዚያ ነውና።

በዚያ የምርጫ ሰሞን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ተስፋ ባደረገበት ወቅት፣ እኔም ለአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ጽሑፍ ላክሁ። የገዢውን ፓርቲ አንድ ሹም የሚመለከት ነበር። በሰውየው አሠራር ላይ የማቀርበው በቂ ነገር ነበረኝ፤ እውነትም ነበር። እሱን በሁለት አንቀጽ ጨረስሁና በሦስተኛው «ከባንዳ ልጅ ከዚህ የተሻለ አይጠበቅም» ብዬ ጻፍሁ። አያቱን አላውቅም። ሲባል ሰምቼ ነው። ጽሑፉ ወጣ፤ ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ፤ ከጽሑፉም ሁሉ የተጠቀሰልኝ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሆነች። ሁለቱን አንቀጽ ያስታወሰ የለም።

ነፍሷን ይማርና፣ የአባቴ ታላቅ እኅት ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏት ነበር። እቴቴ እንላታለን። ማንበብ አትችልም፤ ጋዜጣውን ያነበበላት የልጅ ልጇ ነው። እሑድ ለቡና ስሄድ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ጽፈህ አነበቡልኝ» አለችኝ። ደስ ያላት መስሎኝ ፈገግ አልሁ።

«የኛስ አባት ምን ነበር መሰለህ?» አለች።

ያን ቀን የሰማሁትን እነሆ። አያቴ በሰሜን ሸዋ ገበሬ ነበር። ከየካቲት 12ቱ እልቂት በኋላ በተከተለው ዓመት የመንደሩ እህል ተቃጠለ። ቤት ውስጥ አራት ልጆች ነበሩ፤ እቴቴ ሁለተኛዋ ናት፣ አምስት ዓመቷ ነበር። አያቴ ደብረ ብርሃን ከነበረው የጣሊያን ምሽግ ገብቶ በባንዳነት ተመዘገበ፤ ሊሬ ተቆረጠለት፤ ጠመንጃ ተሰጠው። አንድ ዓመት ከሁለት ወር አገለገለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ዘመቻ ወጥቷል። በዘመቻው ምን እንዳደረገ ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ እቴቴም «አልጠየቅነውም» አለች። ከዚያ የምሽጉን ጥይት በገብስ ስልቻ እየሸሸገ ለአክስቱ ልጅ ማቀበል ጀመረ። የአክስቱ ልጅ በረኸኛ ነበር። በ1931 ክረምት ነገሩ ሊታወቅ ሲል ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ፤ ነጻነት እስኪመለስም እዚያው ቆየ። ከድል በኋላ አርበኝነቱን ለማስመዝገብ ሲሄድ ምስክር አምጣ ተባለ። የአክስቱ ልጅ ሞቷል። ከሦስቱ ጓደኞቹም የተረፈ አልነበረም። በባንዳነት እንደነበር ግን የሚመሰክር ሞልቶ ነበር።

«ባንድ እጁ ከእነሱ፣ ባንድ እጁ ከኛ ስለሆነ ነው ባንዳ የሚሉት ይለን ነበር አባባ» አለችኝ እቴቴ። የቃሉን መነሻ እንዲህ ስትፈታው ጣሊያንኛውን ልነግራት አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር አርበኞች ጎፈራቸውን አድርገው ወደ አደባባይ ሲወርዱ፣ አያቴ በሩን ዘግቶ ይውል ነበር አለች። ባንዲራ ግን ከአጥሩ ላይ ይሰቅላል። ማታ አውርዶ፣ አጣጥፎ፣ በሣጥን ያስቀምጠዋል። አንድ ዓመት የሰፈር ልጆች ድንጋይ ወርውረውበት በማግስቱ ዝቅ ካለው አጥር ወደ ዛፉ ጫፍ አዛወረው።

ይህን ሁሉ አባቴ ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኋት። አባቴ ተማሪ ቤት ሳለ «የባንዳ ልጅ» ተብሎ ተደባድቦ የፊት ጥርሱ የወለቀበት መሆኑን ያን ጊዜ ሰማሁ። እኔ በልጅነቴ የነገረኝ ከበቅሎ ወድቄ ነው ብሎ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ለጋዜጣው የማስተካከያ ጽሑፍ ላክሁ። ሁለቱን አንቀጽ እንደያዝሁ ሦስተኛውን አነሣሁት። አልወጣም። ከምርጫው በኋላ ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀ፤ ጋዜጣውም ብዙ አልቆየም። ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን ከጋዜጣው በላይ ዕድሜ አገኘች፤ ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ የማላውቀው ሰው ሌላን የማላውቀው ሰው ሲሰድብባት አገኘኋት።

ያን እሑድ ሦስተኛው ቡና ሳይደርስ ልነሳ ስል አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት። በዚያ አገር አያቴን ባንዳ ብለው የመሰከሩት እነማን እንደነበሩ ታስታውስ እንደሆነ። ጀበናውን አዘንብላ ጥቂት ዝም አለች።

«አስታውሳለሁ» አለች። «ስማቸውን አልነግርህም። ደግሞ ልትጽፈው?»